አዲስ የሬዲዮ አቅራቢዎች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ማይኩ መከፈቱን የሚያሳየው የስቱዲዮው ቀይ መብራት ሲበራ ብዙ ሰው ሌላ ሰው ይሆናል። ከስቱዲዮ ውጭ ጨዋታ አዋቂ የነበረው ልጅ ድምፁ ይወፍራል፣ ዓረፍተ ነገሩ ይረዝማል፣ ሳቁም የውሸት ይሆናል። የራሱ አቀራረብ እንዲኖረው የሚፈልግ ጀማሪ መጀመሪያ ሊተዋቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ።

«የሬዲዮ ድምፅ» ማውጣት። ይሄ የሁሉም ጀማሪ በሽታ ነው። ድምፅን ከተፈጥሮው በታች አውርዶ መናገር ጉሮሮ ያደክማል። ይባስ ብሎ ስሜትን ያጠፋል፤ ታች ላይ የተቸከለ ድምፅ ለደስታም ለሐዘንም ያው ነው። ጥፋቱ በከፊል የማይኩ ነው። አብዛኞቹ የስቱዲዮ ማይኮች አፍ በተጠጋቸው ቁጥር የድምፁን ወፍራም ክፍል ያጎላሉ። ጀማሪው ይህን በሄድፎን ይሰማና ከራሱ ድምፅ ጋር ፍቅር ይይዘዋል። ከዚያ በኋላ አድማጩ ተረስቷል፤ የሚያወራው ለሄድፎኑ ነው። አንዱን ጆሮ ከሄድፎኑ ነጻ አድርጉ። ማይኩ ላይ አትለጠፉ፣ ከአንድ ስንዝር በላይም ብዙ አትራቁ።

የሚወዱትን አቅራቢ መቅዳት። መጀመሪያ ላይ አይቀርም። ችግሩ የሚቀዳው ሳቁና ሰላምታው መሆኑ ነው። መቅዳት ካለባችሁ ሥራውን ቅዱ፦ ጥያቄውን እንዴት እንደሚያሳጥር፣ እንግዳው ሲያወራ የት ላይ ዝም እንደሚል።

ከወረቀት ማንበብ። በአማርኛ ግሱ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። ባለ አምስት መስመር ዓረፍተ ነገር ስታነቡ አድማጩ ማን ምን እንዳደረገ ሳያውቅ ይጠብቃል። አንባቢ ወደ ኋላ ተመልሶ ያያል፤ አድማጭ ግን አይችልም። ስለዚህ ሐሳቡን መጀመሪያ በአፋችሁ ተናገሩት፣ ከዚያ የተናገራችሁትን ጻፉ። ስም፣ ቁጥርና ቀን ግን ከወረቀት ይነበብ። እዚያ ላይ በቃሌ ልወጣው ማለት ስህተት መጋበዝ ነው።

ለሕዝብ መለፈፍ። ሬዲዮ የሚሰማው ሰው ብዙ ጊዜ ብቻውን ነው፤ መኪና እየነዳ ወይ ልብስ እየተኮሰ ነው። «አንድ ሰው እንደምታዋሩ ሆናችሁ ተናገሩ» የሚባለው ለዚህ ነው። ምክሩን ቃል በቃል ወስዶ «አንተ» ማለት ግን አያዋጣም። ሴቷ ትቀራለች፣ ትልቁም ሰው ይከፋዋል። አፋችሁ «እናንተ» ይበል፤ በዓይነ ሕሊናችሁ ግን የምታውቁት አንድ ሰው ይቀመጥ።

ዝምታን መፍራት። እንግዳው ከባድ ነገር ተናግሮ ሲያበቃ ሁለት ሰከንድ ዝም ብትሉ ጣቢያው አይዘጋም። በ«እሺ፣ እሺ» አትሙሉት።

ጓዳን መዘርገፍ። «ራስህን ሁን» ሲባል ገመናውን ሁሉ ማውራት የሚመስለው አለ። ከእጮኛ ጋር ስለተጣሉት ጠብ አምስት ደቂቃ መተረክ አድማጩን ያሳቅቀዋል። ታሪኩ የዕለቱን ጉዳይ ካላገዘ ይቅር። አድማጭ እናንተን የሚያውቃችሁ ምን እንደገረማችሁና ምን እንዳናደዳችሁ ሲሰማ ነው።

የራስን ቅጂ አለመስማት። ራሱን ሲሰማ የማይሸማቀቅ የለም። ቢሆንም በማግስቱ፣ ስሜቱ ሲበርድ፣ ሙዚቃውንና ማስታወቂያውን እየዘለላችሁ ንግግራችሁን ብቻ ስሙ። ጀማሪ የምታሠለጥኑ ደግሞ፣ ገና ከስቱዲዮ የወጣን ልጅ አሥር ስህተት ቆጥራችሁ አትቀበሉት። በማግስቱ ይበልጥ ደርቆ ነው የሚመጣው። ለሳምንቱ አንድ ነገር ብቻ ምረጡለት። ከቅጂው ውስጥም ሳያስበው እንደራሱ ያወራባትን ሃያ ሰከንድ ፈልጋችሁ አሰሙት።