የባሮክ ሕትመት ላይ ያለችው ሴት ማን ናት? እንዲህ ትለያላችሁ

በ1600ዎቹ (እ.ኤ.አ.)፣ ባሮክ በሚባለው የአውሮፓ የሥነ ጥበብ ዘመን፣ መዳብ ላይ ተቀርጾ ወረቀት ላይ የታተመ ሥዕል አገኛችሁ እንበል። አንዲት ሴት ደመና ላይ ተቀምጣለች። ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለችው ሴት በሰው መልክ የተሣለች ምግባር ናት፤ የትኛዋ እንደሆነች መለየት ነው የእናንተ ሥራ። ፊቷን እያያችሁ አትድከሙ፣ ሁሉም ቆንጆ፣ ሁሉም ረጋ ያሉ ናቸው። መጀመሪያ እጇን እዩ።

መልሕቅ ከያዘች ተስፋ ናት። መስቀልና ጽዋ ከሆነ እምነት። ሚዛንና ሰይፍ ፍትሕ መሆኑን ማንም ያውቀዋል። ከአንዱ ዕቃ ወደ ሌላው ውሃ የምትቀዳው፣ ወይም ልጓም የያዘችው፣ ራስን መግዛት ናት። የተሰበረ ምሰሶ ያቀፈችው ወይም አንበሳ አጠገቧ ያለው ደግሞ ብርታት ናት፤ ምሰሶው ሶምሶንን ያስታውሳል።

አሳሳቿ አስተዋይነት ናት፣ እኔም በጣም የምወዳት እሷን ነው። መስታወት ትይዛለች። ግን ከንቱነትም መስታወት ትይዛለች! ስለዚህ መስታወት ስላያችሁ ብቻ አትፍረዱ፣ እባብ ፈልጉ። ክንዷ ላይ ከተጠመጠመ፣ «እንደ እባብ ልባሞች ሁኑ» የሚለውን ቃል ይዛ የመጣች አስተዋይነት ናት። አንዳንዴ ሁለት ፊት አላት፣ አንዱ ወደፊት ሌላው ወደኋላ የሚያይ። ፍቅርም እንዲሁ ታሳስታለች። ሁለት ሦስት ሕፃናት ከከበቧት ፍቅር ናት፤ ልጁ አንድ ብቻ ሆኖ ክንፍና ቀስት ካለው ግን ምናልባት የጥንት ሮማውያን የፍቅር አምላክ የሆነችውን ቬነስን እያያችሁ ነው።

ሠዓሊዎቹ ይህን ሁሉ ከራሳቸው አላመጡትም። ምግባርና ሌሎች ሐሳቦች በሰው መልክ እንዴት እንደሚሣሉ የሚገልጸው የቼዛሬ ሪፓ መጽሐፍ «ኢኮኖሎጂያ» በ1593 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ ያለ ሥዕል ታተመ፣ በ1603 ደግሞ ከነሥዕሉ ወጣ፤ ከዚያ ወዲህ ብዙ ሠዓሊ ምግባርን ሰው አድርጎ መሣል ሲፈልግ እሱን ይገልጥ ነበር። ሴቶች የሆኑትም የምግባሮቹ ስም በላቲን አንስታይ ጾታ ስለሆነ ነው።

ቀጥሎ ከሥዕሉ ሥር ያለውን ትንሽ የላቲን ጽሑፍ አንብቡ። «ኢንቬኒት» ከሚለው ቃል ጋር ያለው ስም ንድፉን ያወጣው ሰው ነው፣ «ስኩልፕሲት» መዳቡን የቀረጸው፣ «ኤክስኩዲት» አሳታሚው። ብዙ ጊዜ በአጭሩ ነው የሚጻፉት። ንድፉ የሄንድሪክ ጎልጺየስ ሆኖ ቀራጩ ያዕቆብ ማታም የሆነባቸው የምግባር ሥዕሎች አሉ፤ ሥራውን ለአንዱ ብቻ ከሰጣችሁ ሌላውን ትበድላላችሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። መዳብ ላይ የተቀረጸ ነገር ወረቀት ላይ ሲታተም ግራና ቀኙ ይገለበጣል። ፍትሕ ሰይፏን በግራ እጇ ይዛ ካያችኋት የተለየ ትርጉም ለመፈለግ አትቸኩሉ። ምናልባት ቀራጩ ከሌላ ሕትመት ላይ እንዳለች ቀድቷት ይሆናል፣ ስለዚህ ሰይፉን በቀኟ የያዘችበትን የመጀመሪያውን ሕትመት ፈልጉ።