የእህትማማች መኪኖች መለዋወጫ፦ ሲጠፋ፣ አልገጥም ሲል፣ ገጥሞም ሳይሠራ ሲቀር

አንድ ፋብሪካ የሠራው መኪና በሁለትና በሦስት ስም መሸጡ የተለመደ ነው። ወለሉ፣ የእግር ዕቃውና ሞተሩ አንድ ሆኖ መብራቱና የፊቱ ምልክት ብቻ ይለያል። ይህን የማያውቅ ባለመኪና በእጁ አጠገብ ያለውን ዕቃ ሲፈልግ ይከርማል፤ በግማሽ የሚያውቅ ደግሞ የማይሆነውን ገዝቶ ይመለሳል፤ በእኔ እይታ ኪስ ይበልጥ የሚጎዳው ይህ ሁለተኛው ነው።

ምልክት፦ የቶዮታ ራሽ ዕቃ «የለም» ይባላል

መንስኤው ስሙ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው ራሽ ቶዮታ ይባል እንጂ የዳይሃትሱ ሥራ ነው፤ ያው መኪና በጃፓን ቢጎ፣ ከጃፓን ውጭ ቴሪዮስ ተብሎ ተሽጧል። የሻንሲ መለያቸው ራሱ ዝምድናቸውን ይናገራል፤ የቶዮታው ጄ200ኢ ሲሆን የዳይሃትሱው ጄ200ጂ ነው።

መፍትሄው ዕቃውን በቴሪዮስ ስም ጭምር መጠየቅ ነው። በአሮጌው ዕቃ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ማንበብም ይረዳል፤ ከሰረዙ በኋላ ያለው ክፍል በ«ቢ» ፊደል ከጀመረ ዕቃው ብዙውን ጊዜ ከዳይሃትሱ ወገን የመጣ ነው። ሆኖም እ.ኤ.አ. ከ2017 መጨረሻ ጀምሮ የወጣው ራሽ መለያው ኤፍ800 የሆነ ሌላ መኪና ስለሆነ፣ ስሙ አንድ ነው ብሎ የአሮጌውን ዕቃ ለአዲሱ መግዛት አይገባም።

ምልክት፦ «የቪትዝ 1.3» ተብሎ የተገዛው የውሃ ፓምፕ አልገጥም ይላል

አዲስ አበባ ውስጥ ይህን ችግር ያልገጠመው መካኒክ የሚገኝ አይመስለኝም። ደንበኛው ሶማሌ ተራ ወርዶ «የቪትዝ፣ 1.3» ብሎ ይጠይቃል፤ ሻጩም በቅንነት የቪትዝ 1.3 ይሰጠዋል። ጋራዥ ሲደረስና አዲሱ ፓምፕ ከአሮጌው ጎን ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ግን የቡሎን ቀዳዳዎቹ አይገናኙም።

መንስኤው እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2010 በተሠራው ሁለተኛ ትውልድ ቪትዝ ውስጥ፣ በአንድ ዓይነት አካልና በተመሳሳይ የሞተር መጠን፣ ሁለት የተለያዩ ሞተሮች መግባታቸው ነው። በፊት ጎማ ብቻ የሚነዳው 1.3 ኤስሲፒ90 ተብሎ 2ኤስዜድ ሞተር ሲይዝ፣ በአራቱም ጎማ የሚነዳው 1.3 ደግሞ ኤንሲፒ95 ተብሎ 2ኤንዜድ ሞተር ይዟል። የ1.0 ሊትሩ ኬኤስፒ90 ጭራሽ ሌላ ነው፤ ባለሦስት ሲሊንደሩ 1ኬአር ሞተሩ ከዳይሃትሱ የመጣና በቶዮታ ፓሶና በዳይሃትሱ ቡን ውስጥም የሚገኝ ነው። ስለዚህ የአንዱ ቪትዝ የሞተር ዕቃ ለሌላው ቪትዝ ሳይሆን ቀርቶ፣ ስሙ ለማይመሳሰል መኪና ሊሆን ይችላል።

መፍትሄው ሱቅ ከመሄድ በፊት ኮፈኑን ከፍቶ ከሞተሩ በስተኋላ ባለው ግድግዳ ላይ ወይም በሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ የተለጠፈችውን የፋብሪካ ሰሌዳ በስልክ ፎቶ ማንሳት ነው። የሞዴል መለያው የመጀመሪያ ፊደል የሞተሩን ቤተሰብ ይነግራል፤ «ኤስ» ለኤስዜድ፣ «ኤን» ለኤንዜድ፣ «ኬ» ለኬአር ነው። ሻጩን በመኪናው ስም ሳይሆን በዚህ መለያ መጠየቅ ይገባል። ቀዳዳ አስፍቶና ሲሊኮን ቀብቶ ለማስገጠም የሚደረገውን ሙከራ ግን ባለመኪናው እንዳይፈቅድ አጥብቄ እመክራለሁ፤ ውሃ ቀስ እያለ ይወጣል፣ ሞተሩ ይሞቃል፣ በመጨረሻም የአንድ ፓምፕ ጉዳይ ቴስታታ (የሞተሩን የላይኛ ክዳን) እስከ ማጣመም ይደርሳል።

ምልክት፦ የአይዲ.4 ፓራውልት ከጭቃ መከላከያው ጋር አይገናኝም

ቮልስዋገን አይዲ.4ን በቻይና የሚሠሩት ሁለት የሽርክና ኩባንያዎች ናቸው። ኤፍኤደብሊው የሚሠራው ክሮዝ፣ ኤስኤአይሲ የሚሠራው ኤክስ ይባላል። የተሠሩበት ወለል አንድ ቢሆንም ርዝመታቸውና የፊት ገጽታቸው ስለሚለያይ፣ ፓራውልትና የፊት መብራት ሲፈለግ «የአይዲ.4» ማለት ብቻ አይበቃም። የሻንሲ ቁጥሩ በኤልኤፍቪ ከጀመረ ክሮዝ፣ በኤልኤስቪ ከጀመረ ኤክስ ነው፤ ለአይዲ.6ም መለያው ይኸው ነው።

ምልክት፦ ዕቃው ገጥሟል፤ ነገር ግን የማስጠንቀቂያ መብራት በርቶ ይቀራል

ይህ በተለይ በቮልስዋገን ቡድን መኪኖች፣ ማለትም በቮልስዋገን፣ በአውዲና በስኮዳ ላይ ያገለገለ ስክሪን ወይም የኤሌክትሮኒክስ ሳጥን ሲገጠም ይታያል። ዕቃው አልተበላሸም፤ ከተፈታበት መኪና የሻንሲ ቁጥር ጋር በፋብሪካው ስለተቆራኘ አዲሱን መኪና ባለቤቴ ብሎ አይቀበልም። ቁርኝቱ የሚፈታው ከፋብሪካው ጋር በኢንተርኔት በሚገናኝ የምርመራ መሣሪያ ስለሆነ፣ ይህን የሚሠራ ባለሙያ አስቀድሞ ሳያገኙ ለእንዲህ ያለ ዕቃ ገንዘብ መክፈል አይገባም።