መዓዛና የተማሪዎች ትኩረት፦ በቪዲዮ የእንቅስቃሴ ልኬት ላይ የሚያጋጥሙ ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው

መዓዛ በመማሪያ ክፍል ውስጥ ሲሰራጭ የተማሪዎች ትኩረት ይለወጥ እንደሆነ ለማወቅ ክፍለ ጊዜውን በቪዲዮ ቀርጾ፣ በተከታታይ ፍሬሞች (ቪዲዮው በተሠራባቸው ነጠላ ምስሎች) መካከል ስንት ፒክስል (የምስሉ ጥቃቅን ነጥብ) እንደተለወጠ ማስላት ወጪው አነስተኛ የሆነ ዘዴ ነው። ነገር ግን ካሜራው የሚያየው የብርሃን ለውጥን ብቻ ስለሆነ፣ ውጤቱን ከመተርጎም በፊት የሚከተሉትን መፈተሽ ያስፈልጋል።

ችግር፦ ማንም ሳይንቀሳቀስ ልኬቱ ከፍ ዝቅ ይላል።
መጀመሪያ የሚጠረጠረው መብራቱ ነው። የኢትዮጵያ የኤሌክትሪክ ኃይል 50 ኸርዝ በመሆኑ የተለመደው ፍሎረሰንት በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል፤ በሰከንድ 30 ፍሬም የሚቀርጽ ካሜራም ከዚህ ጋር ስለማይገጥም በምስሉ ላይ ጥቁር መስመሮች ሊመላለሱ ይችላሉ። ካሜራው ብርሃንን በራሱ የሚያስተካክል ከሆነ ደግሞ ደመና ባለፈ ቁጥር ምስሉ በሙሉ ይለወጣል፤ ፕሮግራሙም ክፍሉ በአንድ ጊዜ ብድግ ያለ ያህል ይቆጥረዋል። መፍትሄው በሰከንድ 25 ፍሬም መቅረጽ፣ የሹተር ፍጥነቱን (እያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚቀበልበትን ጊዜ) 1/50 ወይም 1/100 ሰከንድ ላይ ማድረግና ራስ-ሰር ማስተካከያዎችን ማጥፋት ነው። በተጨማሪም በፕሮግራሙ ውስጥ፣ በምስሉ ላይ በሚታየው ባዶ ግድግዳ ላይ አንድ የመቆጣጠሪያ ሳጥን ይሰመር፤ የግድግዳው ልኬት ከተማሪዎቹ ጋር አብሮ ከፍ ካለ፣ ያ ቅጽበት ከመረጃው ይወጣል።

ችግር፦ መዓዛው ሲሰራጭ እንቅስቃሴ ቀነሰ፤ ተማሪዎቹ ግን ይከታተሉ ወይም ያንቀላፉ አይታወቅም።
ከሁሉም የሚከብደው ይህ ነው፤ ምክንያቱም ጸጥ ብሎ መቀመጥ ሁለቱንም ሊያመለክት ይችላል። የብሪታኒያው ተመራማሪ ሃሪ ዊቸልና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2016 ባሳተሙት ጥናት፣ ሰዎች በስክሪን ላይ በሚያዩት ነገር ሲመሰጡ ከሥራው ጋር ግንኙነት የሌለው እንቅስቃሴያቸው እንደሚቀንስ አሳይተዋል። ስለዚህ ጠቅላላ ድምሩን ትቶ የአካል ክፍሎችን መለየት ይሻላል። ሚዲያፓይፕን የመሰለ፣ በቪዲዮ ላይ የሰውን አካል የሚለይ ፕሮግራም 33 የአካል ነጥቦችን ይከተላል፤ እግር በዴስክ ስለሚሸፈን ከወገብ በላይ ያሉትን መጠቀም ይበቃል። ከሰሌዳ የሚገለብጥ ተማሪ አንገቱን ቀና ደፋ እያደረገ እጁን ያንቀሳቅሳል፤ ይህ የትኩረት እንጂ የመሰልቸት ምልክት አይደለም። መዓዛው በየትኛው ቀን እንደነበረ የማያውቅ ተመልካች ቪዲዮውን እንዲመዝን ማድረግ፣ በክፍለ ጊዜው መጨረሻም አጭር ጥያቄ መስጠት ትርጉሙን ያጠራዋል።

ችግር፦ በመጀመሪያው ቀን የታየው ለውጥ በኋላ ጠፋ።
አዲስ ነገር መጀመሪያ ላይ ትኩረት ይስባል፤ አፍንጫም በደቂቃዎች ውስጥ ሽታውን ይለምዳል። ከጥናቱ በፊት የመዓዛ ማሰራጫው መሣሪያ በውኃ ብቻ እየሠራ ተማሪዎቹ ይልመዱት፤ መዓዛውም እያረፈ ይለቀቅ።

ችግር፦ መዓዛ የሌለባቸው ቀናት ካለባቸው አይለዩም።
ሽታ በመጋረጃና በልብስ ላይ ስለሚቆይ ሁለቱን ሁኔታዎች በአንድ ቀን ማፈራረቅ አይመከርም፤ የቀናቱ ቅደም ተከተልም በዕጣ ይወሰን። ሮዝመሪ ከተመረጠ ደግሞ ለእኛ ተማሪ የጥብስ ቅጠል መሆኑ አይዘንጋ፤ ከምሳ በፊት የሚታየው መቁነጥነጥ የረሃብ ሊሆን ይችላል።

ችግር፦ በአንድ ክፍል ጎልቶ የታየው ውጤት በሌላው አልተደገመም።
ሁሉም አንድ አየር ስለሚተነፍሱ አርባ ተማሪዎች እርስ በርስ የማይነካኩ አርባ ነጻ ምልከታዎች አይደሉም። ስሌቱ እያንዳንዱን ክፍለ ጊዜ እንደ አንድ ምልከታ ቆጥሮ ይሠራ፤ የሚጨመረውም የክፍሎችና የቀናት ብዛት ነው።

ችግር፦ ተማሪ ያስላል ወይም ራሱን ያመዋል።
ማሰራጫው ወዲያው ይጥፋ፤ መስኮት ይከፈት፤ የዚያ ክፍለ ጊዜ ቪዲዮም አይተንተን። አስምና አለርጂ ያለባቸው ተማሪዎች አስቀድመው መታወቅ ያለባቸው የወላጆች ፈቃድ በሚጠየቅበት ጊዜ ነው።