«ገና ሰባት ዓመት አለው» እና ሌሎች የምግብ ቁጥጥር ስህተቶች

ኅዳር 2018 ላይ ነው። ከአንድ ጀማሪ ተቆጣጣሪ ጋር ደብረ ማርቆስ ሱቆች ገባን። ከውጭ የመጣ የዱቄት ወተት አነሳ፤ ጣሳው ሥር ማብቂያው 03/2025 ይላል። አገላብጦ አየና መለሰው። «ምነው?» ስለው፣ «ኅዳር 2025 ነዋ ጋሼ፣ ገና ሰባት ዓመት አለው» አለኝ። ባለሱቋም ራሳቸውን ነቀነቁ።

ኧረ በሕግ! ሰባት ዓመት የሚቆይ ወተት የት አገር አለ? ከውጭ የገባ ዕቃ የሚቆጥረው በፈረንጅ ነው። 03 ማርች እንጂ ኅዳር አይደለም። ከጃንዋሪ እስከ ጳጉሜን 8 ቀንስ፣ ከመስከረም እስከ ዲሴምበር 7። ያ ወተት መጋቢት 2017 ላይ አልፎበታል። ስምንት ወር! እትዬ ግን ተንኮል የለባቸውም፤ «የልጅ ልጄም ከዚሁ ነው የምትጠጣው» ብለው ደነገጡ። ቀኑ በአሴቶን ተፍቆ እንደገና ሲመታበት ነው ይሉኝታ የማያስፈልገው።

የረጋ ዘይት የተበላሸ የሚመስላቸውም አሉ። አልፈርድባቸውም፣ እኔም ጉድ ሆኛለሁ። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንድ መጋዘን ሙሉ የፓልም ዘይት አሸግኩ። ነጋዴው ምንም ሳይናገር አንዱን ጀሪካን ፀሐይ ላይ አወጣው። እኩለ ቀን ላይ ዘይቱ ጠርቶ ቁጭ! የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ የሚረጋ ስብ ነው፤ የማርቆስን ብርድ አይችልም። ናሙና ስትወስድ አቅልጠህ፣ በደንብ በጥብጠህ ቅዳ። ከላይ ብቻ ከቀዳህ ጀሪካኑ ውስጥ ያለው ዘይት ሌላ፣ የተመረመረው ሌላ ይሆናል። የሚያሳስብህ ሽታው ይሁን።

ከበሩ አጠገብ ካለው የእህል ጆንያ አንድ እፍኝ ዘግኖ «ናሙና ወሰድኩ» የሚልም አይጠፋም። አፍላቶክሲን፣ ማለትም ሻጋታ የሚያመነጨው መርዝ፣ እንደ ወጥ ጨው እኩል አይዳረስም፤ አንዱ ጆንያ ንጹሕ ሆኖ ጎረቤቱ የተመረዘ ሊሆን ይችላል። ከብዙ ጆንያ፣ ከላይም ከሥርም ውሰድና ቀላቅል። ለጀርም ምርመራ ከሆነ ግን እንደታሸገ ላክ፤ በሱቁ ማንኪያ የተቀዳ ናሙና የሚያሳየው የማንኪያውን እድፍ ነው።

ያበጠ ጣሳ አይከፈትም፣ አይቀመስም።

የባች ቁጥር፣ ማለትም ዕቃው በየትኛው ዙር እንደተመረተ የሚለየውን ቁጥር፣ ደግሞ እዚያው ቆመህ ጻፍ። ባለፈው ወር አንዱ ተቆጣጣሪ የምርመራ ውጤት መጥቶለት ደወለ። «የቱ ካርቶን ነው?» አልኩት። ዝም። ቆይቶ፣ «ጋሼ፣ ካርቶኑን ለእንጀራ ምጣድ ማያያዣ አንድደውታል» አለኝ።