የወሊድ መከላከያን ከሌላ መድኃኒት ጋር ሲወስዱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከዘጌም ሆነ ከሌሎች የጣና ዳር ቀበሌዎች ወደ ባሕር ዳር ለሕክምና የምትመጣ ሴት ብዙ ጊዜ ሁለት ካርድ አላት፤ አንደኛው የቤተሰብ ምጣኔ ካርዷ ሲሆን ሌላው ለያዛት ሕመም የተከፈተ ነው። ካርዶቹ በአንድ ግቢ ውስጥ ቢገኙም የሚቀመጡት በተለያየ ክፍል ስለሆነ፣ በአንዱ ክፍል የታዘዘው መድኃኒት በሌላው ክፍል የተሰጣትን መከላከያ ሊያዳክም እንደሚችል ማንም ሳያስተውል ልትሸኝ ትችላለች። በመድኃኒት ማደያ መስኮት በኩል ሳስተናግድ ደጋግመው ያጋጠሙኝን ስህተቶች ከነምክንያታቸው እዚህ አስቀምጣለሁ።

የመጀመሪያው ስህተት በክንድ የተቀበረውን ወይም በመርፌ የተወሰደውን መከላከያ እንደ መድኃኒት አለመቁጠር ነው። አንዲት ወጣት እናት የቲቢ መድኃኒቷን ልትወስድ መጥታ፣ «እህቴ፣ ሌላ የምትወስጂው መድኃኒት አለ?» ብዬ ስጠይቃት፣ «ኧረ ምንም የለም» አለችኝ። ፌስታሏን ለመቀበል እጇን ስትዘረጋ ግን የነጠላዋ ጫፍ ወደ ኋላ ተንሸራተተና ከላይኛው ክንዷ በውስጥ በኩል ትንሽ ጠባሳ ታየኝ። «ክንድሽ ላይ ያስቀበርሽው አለ እንዴ?» ስላት፣ «እሱማ አለ፤ እሱም መድኃኒት ነው እንዴ?» ብላ ደነገጠች። ጥፋቱ የእርሷ አልነበረም፤ አጠያየቃችን ራሱ ጎዶሎ ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. በተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት መሠረት፣ ካገቡት ሴቶች መካከል 23 በመቶው መርፌ፣ 8 በመቶው በክንድ የሚቀበረውን ሲጠቀሙ፣ ኪኒን የሚወስዱት 2 በመቶ ያህል ብቻ ነበሩ። ስለዚህ «ኪኒን ትወስጃለሽ ወይ?» የሚለው ጥያቄ አብዛኞቹን ተጠቃሚዎች ሳይነካ ያልፋል። ባለሙያው ባይጠይቅም፣ ክንድ ላይ ያለውንም ሆነ የ3 ወሩን መርፌ ራስዎ ይንገሩ።

ሁለተኛው ስህተት አንቲባዮቲኮችን ሁሉ በአንድ ዓይን ማየት ነው። «አንቲባዮቲክ መከላከያን ያፈርሳል» የሚለውን የሰሙ ሴቶች አሞክሳሲሊን ሲታዘዝላቸው ይጨነቃሉ፤ ሌሎች ደግሞ «እኔ ስንቱን ወስጄ ምንም አልሆንኩም» በሚል የቲቢውንም መድኃኒት ከዚያው ይደምሩታል። እንደ አሞክሳሲሊን፣ ዶክሲሳይክሊን፣ ሜትሮኒዳዞልና ሲፕሮፍሎክሳሲን ያሉት የተለመዱ መድኃኒቶች የመከላከያውን ሆርሞን አይቀንሱም። ሪፋምፒሲን ግን ፈጽሞ የተለየ ነው። ይህ የቲቢ ሕክምና ዋነኛ መድኃኒት፣ ሽንትን ወደ ብርቱካናማ ቀይ የሚለውጠው ማለት ነው፣ ጉበት ሆርሞንን የሚሰባብርባቸውን ኢንዛይሞች በእጅጉ ያበዛል፤ በዚህም የተነሣ የወሊድ መከላከያው ሆርሞን ሥራውን ሳይጨርስ ከደም ውስጥ ይወገዳል። «የእኔ በክንዴ ነው እንጂ በሆዴ አያልፍም» የሚለው ማጽናኛም አይሠራም፤ ሆርሞኑ ከየትም ይግባ ከየት በደም ተጉዞ ጉበት መድረሱ አይቀርምና፣ ኪኒኑም በክንድ የሚቀበረውም ይዳከማሉ።

የተለመደው የቲቢ ሕክምና 6 ወር ይፈጃል። ብዙዎች የማያውቁት ግን ሪፋምፒሲን ከቆመ በኋላም ጉበት ወደ ቀድሞው አሠራሩ ለመመለስ 4 ሳምንት ያህል እንደሚወስድበት ነው፤ ስለዚህ ጥንቃቄው መድኃኒቱ ባለቀ ማግስት ሳይሆን ከ28 ቀን በኋላ ነው የሚያበቃው። ከታማሚ ጋር በአንድ ቤት ለሚኖሩ ሰዎች በሳምንት አንድ ቀን ለ3 ወር የሚሰጠው የመከላከያ ሕክምናም ሪፋፔንቲን የተባለ የዚሁ ወገን መድኃኒት ስላለበት፣ «እኔ አልታመምኩም» ብሎ መዘናጋት አይገባም። በዚህ ጊዜ የሚያስተማምኑት ሁለት ናቸው፦ በማህፀን የሚቀመጠው ሆርሞን የሌለበት የመዳብ ሉፕና የ3 ወሩ ዴፖ መርፌ። ሉፑን ጉበት የሚነካበት መንገድ የለም፤ 150 ሚሊግራም የሆነው ዴፖም በሪፋምፒሲን ምክንያት አይዳከምም፣ ቀጠሮውንም ማሳጠር አያስፈልግም። ወደ እነዚህ እስኪዛወሩ ድረስ ኮንዶም መጨመር ግድ ነው።

ይህን ሲሰሙ አንዳንዶች ወደ ሦስተኛውና እጅግ አደገኛ ወደሆነው ስህተት ይሄዳሉ፤ የቲቢውን ወይም የሚጥል በሽታውን መድኃኒት በራሳቸው ያቆማሉ። የሚለወጠው መከላከያው እንጂ ሕክምናው አይደለም። የቲቢ መድኃኒት ሲቋረጥ በሽታው መድኃኒቱን ይለማመዳል፤ የሚጥል በሽታ መድኃኒት በድንገት ሲቋረጥ ደግሞ መውደቁ በርትቶ ሕይወት እስከማጥፋት ይደርሳል። ለሚጥል በሽታ የሚሰጡት ፌኖባርቢታል፣ ፌኒቶይንና ካርባማዜፒን እንደ ሪፋምፒሲን ሁሉ ሆርሞንን ያዳክማሉ፤ ለዓመታት የሚወሰዱ በመሆናቸውም ጊዜያዊ መፍትሔ አይበቃቸውም። ከዚህም በላይ፣ እነዚሁ መድኃኒቶች በማህፀን ያለ ጽንስን ሊጎዱ ስለሚችሉ፣ ያልታሰበ እርግዝና ለእነዚህ እናቶች ከሌላው የከፋ ነው። እዚህ ላይ ዴፖ ወይም ሉፕ እንዲመረጥ አጥብቄ እመክራለሁ። ላሞትሪጂን በሚባለው መድኃኒት ላይ ነገሩ ይገለበጣል፤ ኤስትሮጅን ያለበት ኪኒን የላሞትሪጂንን መጠን በደም ውስጥ ዝቅ ስለሚያደርግ፣ ተደብቆ የነበረው መውደቅ ሊመለስ ይችላል።

የኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስዱ ሴቶች የትኛውን እንደሚወስዱ በስሙ ማወቅ አለባቸው። ኢፋቪሬንዝ በክንድ የሚቀበረውን ያዳክማል፤ ዶሉቴግራቪር ግን አያዳክምም።

ቀላል መስሎ የሚታለፈው ደግሞ የቆረቆርና የጭርት መድኃኒት ነው። ግሪሲዮፉልቪን ለሳምንታት የሚዋጥ ሲሆን የመከላከያውን ሆርሞን የመቀነስ ጠባይ አለው፤ ለቆዳ የሚታዘዝ መድኃኒት ከእርግዝና ጋር ይገናኛል ብሎ ስለማይታሰብ ግን ማንም አይጠይቅበትም። በፎገራና በደምቢያ ሜዳ ክረምቱ ሲወጣ በሚበረታው ወባ የሚታዘዘው ኮአርቴምም ለ3 ቀን ብቻ የሚወሰድ ቢሆንም፣ የመድኃኒቱ መግለጫ ራሱ በሆርሞን ለሚከላከሉ ሴቶች ሆርሞን የሌለበት ተጨማሪ መከላከያ እንዲጠቀሙ ይመክራል። የወባውን መድኃኒት ግን በዚህ ሰበብ ማዘግየት አይገባም።

ኪኒን የሚወስዱ ሴቶች ሌላ የራሳቸው ስህተት አላቸው፤ ትውከትንና ተቅማጥን ከመከላከያው ጋር አያያይዙትም። ኪኒኑን በዋጡ በ2 ሰዓት ውስጥ ካስመለሳቸው ሌላ መዋጥ ይኖርባቸዋል፤ ከባድ ትውከት ወይም ተቅማጥ ከ2 ቀን በላይ ከቆየም ኪኒኑ እንደተዘለለ ተቆጥሮ ጥንቃቄው ይወሰዳል። ኮሶ የጠጣች ሴት ሆዷ ሲታጠብ የዋጠችው ኪኒን አብሮ ሊወጣ እንደሚችል የሚነግራት አላየሁም። መርፌና የክንዱ መከላከያ ግን በሆድ ስለማያልፉ በዚህ አይነኩም።

አዲስ መድኃኒት ከተጀመረ በኋላ ከወር አበባ ቀን ውጭ የሚታይ ደምን «ያው የክንዱ ጠባይ ነው» ብሎ ማለፍም ትክክል አይደለም። የክንዱ መከላከያ በራሱ ደም ሊያዛባ ይችላል፤ ነገር ግን ሳይዛባ የቆየው መድኃኒት ሲጀመር ከተለወጠ፣ ሆርሞኑ እየቀነሰ መሆኑን ሊያመለክት ስለሚችል የእርግዝና ምርመራ ማድረግና መከላከያውን እንደገና ማጤን ያስፈልጋል።

በመጨረሻ የማነሣው፣ ነገሩ ከሆነ በኋላ ወደ መድኃኒት ቤት ሮጦ ፖስትፒል መዋጥ ሁልጊዜ እንደሚያድን ማመን ነው። በፖስትፒል ውስጥ ያለው ሌቮኖርጀስትረልም ሆርሞን በመሆኑ ሪፋምፒሲን፣ ፌኖባርቢታል፣ ካርባማዜፒን ወይም ኢፋቪሬንዝ በሚወስዱ፣ ወይም ካቆሙ 28 ቀን ባልሞላቸው ሴቶች ላይ እንደሌላው ሁሉ ይዳከማል። ለእነርሱ የሚሻለው በ5 ቀን ውስጥ ጤና ጣቢያ ደርሶ የመዳብ ሉፕ ማስገባት ነው፤ ይህ ካልተቻለ ባለሙያው ከተለመደው 1.5 ሚሊግራም ይልቅ እጥፉን፣ ማለትም 3 ሚሊግራም፣ በአንድ ጊዜ እንዲወሰድ ሊያዝ ይችላል፤ ለዚህም ፖስትፒሉን ከመግዛትዎ በፊት የሚወስዱትን መድኃኒት ስሙን ወይም ባዶ ካርቶኑን ለሻጩ ያሳዩት።