የጠላቂ ሰዓት ወይስ ስፖርታዊ? ከመግዛታችሁ በፊት ሁለቱን እንዴት ማወዳደር እንዳለባችሁ

ውድ ሜካኒካል የእጅ ሰዓት ለመግዛት ያሰበ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ቁጥር ከማወዳደር ነው። ይሄኛው እስከ 300 ሜትር ጥልቀት ውሃ ይችላል፣ ያኛው 100 ሜትር ብቻ። እንግዲያው 300ው ይበልጣል፣ አለቀ። እኔ በዚህ አልስማማም። የሜትሩ ቁጥር ለዕለት ኑሯችሁ የሚነግራችሁ ነገር በጣም ትንሽ ነው። የጠላቂን ሰዓት ከስፖርታዊው የሚለየው ውፍረቱ፣ ዙሪያው ላይ ያለው ቀለበትና የማሰሪያው መቆለፊያ ነው። እነዚህን ደግሞ ስልክ ላይ አይቶ ማወቅ አይቻልም፣ እጅ ላይ ማሰር ያስፈልጋል። ወዳጆቼ አብረኸን ሱቅ እንሂድ ሲሉኝ የማደርገውን በቅደም ተከተል ልንገራችሁ።

1. ሁለቱንም ከአንድ ኩባንያ ምረጡ

ሮሌክስን ከኦሜጋ ጎን ካስቀመጣችሁት ክርክሩ ወዲያው የስም ክርክር ይሆናል። ስለዚህ ስሙን መጀመሪያ አውጡት። ከአንድ ኩባንያ አንድ የጠላቂ፣ አንድ ስፖርታዊ ሰዓት ውሰዱ። ከተቻለ ደግሞ ውስጣቸው ያለው ማሽን አንድ ይሁን።

ለዚህ ከሁሉም የምወደው ጥንድ ሮሌክስ ውስጥ ነው ያለው፤ ቀን የማያሳየው ሰብማሪነርና 36 ሚሊሜትሩ ኤክስፕሎረር። ሁለቱም የሚሰሩት ካሊበር 3230 በሚባለው ማሽን ነው። ሞልታችሁ ብታስቀምጧቸው 70 ሰዓት ያህል ይሄዳሉ። ኩባንያው ለሁለቱም የሚገባው ቃል በቀን ከ2 ሰከንድ በላይ አይቀድሙም አይዘገዩም የሚል ነው። ሁለቱም መነሻቸው እ.ኤ.አ. 1953 ነው፤ አንዱ ለባህር፣ ሌላው ለተራራ፣ ያውም ኤቨረስት በተወጣበት ዓመት። ማሽኑ አንድ ስለሆነ እጃችሁ ላይ የሚሰማችሁ ልዩነት ሁሉ የአካሉ ልዩነት ነው።

ኦሜጋ ከሆነ ልባችሁ የሄደው ሲማስተር ዳይቨር 300ን ከ38 ሚሊሜትሩ አኳ ቴራ ጋር አስቀምጡ፤ እነሱም ካሊበር 8800ን ይጋራሉ። ኩባንያ ከኩባንያ ማወዳደሩ ከዚህ በኋላ ይደርሳል።

2. ስለ ውሃው ለራሳችሁ እውነቱን ንገሩ

ለመዝናናት የሚጠልቅ ሰው የመጨረሻ ወሰኑ 40 ሜትር ነው። ለዋና፣ ለዝናብና ለባህር ዳርቻ የኤክስፕሎረሩ 100 ሜትር ይበቃል። የሰብማሪነሩ 300 ሜትር ደስ የሚል ትርፍ ነው እንጂ የምትጠቀሙበት ነገር አይደለም።

ግን "ስፖርት" የሚለውን ስም ብቻ አምናችሁ ውሃ ውስጥ እንዳትገቡ። እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣውና የዚህን የቅንጦት ስፖርት ሰዓት ፋሽን ያስጀመረው የኦድማር ፒጌ ኩባንያ ሰዓት ሮያል ኦክ ውሃ የሚከላከለው እስከ 50 ሜትር ነው። በ1969 ጨረቃ ላይ የደረሰው ኦሜጋ ስፒድማስተርም እንደዚያው 50 ሜትር ነው። አኳ ቴራ ግን 150 ሜትር ይችላል፣ ዋጋው ከሮያል ኦክ እጅግ ያነሰ ሆኖ ሳለ። ዋጋና ጥልቀት አብረው አይሄዱም።

ሲማስተር ዳይቨሩ ላይ 10 ቁጥር አጠገብ ትንሽ ተጨማሪ ቁልፍ ታያላችሁ። ሄሊየም ማስወጫ ናት። የምትጠቅመው ባህር ስር ለቀናት በሄሊየም የተሞላ ክፍል ውስጥ ለሚኖሩ ባለሙያ ጠላቂዎች ነው። ለእሷ ብላችሁ አትግዙ፣ አለች ብላችሁም አትተዉት።

ሰዓት ውሃ የሚያስገባው ደግሞ ብዙ ጊዜ ሜትሩ ስላነሰ ሳይሆን መሙያው ስላልተዘጋ ነው። መሙያው በጎን ያለው፣ ሰዓቱን የምንሞላበትና የምናስተካክልበት ቁልፍ ነው። የጠላቂ ሰዓት ላይ እንደ ብሎን ተጠምዝዞ ነው የሚዘጋው። አንድ ጓደኛዬ ከአውሮፕላን ወርዶ ሰዓቱን ለአገሩ አስተካከለና ሳይጠመዝዘው ሆቴል መዋኛ ገባ። ያን ሁሉ ሜትር የሚችል ሰዓት በማግስቱ መስታወቱ ከውስጥ ጉም ለብሶ ተገኘ። እንዲህ ከሆነባችሁ ፀሐይ ላይ አታስጡት፣ ሩዝ ውስጥም አትክተቱት፤ የዛኑ ቀን ሰዓት ሰሪ ጋ ይከፈት፣ ምክንያቱም ዝገቱ አይጠብቅም። ስቲምና ፍልውሃ ስትገቡም አውልቁት። ሙቀትና እንፋሎት ውሃ የሚከለክሉትን ጎማዎች ያደክማቸዋል።

3. ቀለበቱን አዙሩት

የሰብማሪነሩ ቀለበት ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው የሚዞረው፣ ዙሪያውን 120 ጊዜ ቀጭ ቀጭ እያለ። ባለ ሦስት ማዕዘኗን ምልክት ከደቂቃ ቆጣሪው ጫፍ ጋር ታገጥማላችሁ፣ ከዚያ ስንት ደቂቃ እንዳለፈ ቀለበቱ ላይ ታነባላችሁ። ወደ አንድ ጎን ብቻ እንዲዞር የተደረገው ለሕይወት ነው። ድንጋይ ቢነካውና ቢዞር ያለፈው ጊዜ በዝቶ ይታያል፣ ጠላቂው አየር ሳያልቅበት ቶሎ ይወጣል። በተቃራኒው ቢዞር ኖሮ ጊዜ ያለው መስሎት እዚያው ይቀር ነበር።

የኤክስፕሎረሩ ቀለበት ግን ለስላሳ ነው፣ አይንቀሳቀስም። አትናቁት። ሸሚዝ እጅጌ አይዝበትም፣ ፊቱም ንፁህ ሆኖ ይታያል። የፓርኪንግ ሰዓት፣ ምድጃ ላይ የተጣደ ወጥ፣ የስብሰባ ርዝመት የምትቆጥሩ ሰዎች ከሆናችሁ ግን የሚዞረውን ቀለበት ከለመዳችሁት አትተዉትም። እኔ በየቀኑ ነው የማዞረው።

የጨለማ ብርሃኑን ሻጩ ፊት ለፊት ፈትኑት። በመዳፋችሁ ሸፍናችሁ ተመልከቱ። የጠላቂ ሰዓት መስፈርት የሆነው አይሶ 6425 በጨለማ ከ25 ሴንቲሜትር ርቀት ሰዓቱ እንዲነበብና እየሄደ መሆኑም እንዲታይ ይጠይቃል። ለዚህ ነው የጠላቂ ሰዓት ሰከንድ ቆጣሪ ላይ የምታበራ ነጥብ ያለችው።

4. እጅ ላይ አስራችሁ ቆዩ፣ ዋናው ይሄ ነው

ሰዎች የሚሳሳቱት እዚህ ጋ ስለሆነ ዘርዘር ላድርገው። የሰዓት ልክ ሲባል ሁሉም የሚያወራው ስለ ፊቱ ስፋት ነው። ሰብማሪነሩ 41 ሚሊሜትር፣ ኤክስፕሎረሩ 36። እጃችሁ ላይ የሚቀመጠው ግን ስፋቱ ሳይሆን ርዝመቱ ነው፣ ማለትም ከላይኛው የማሰሪያ መያዣ ጫፍ እስከ ታችኛው። ሰብማሪነሩ ወደ 48 ሚሊሜትር ይደርሳል፣ ኤክስፕሎረሩ ወደ 43። የአምስት ሚሊሜትር ልዩነት ወረቀት ላይ ምንም አይመስልም። አንጓችሁ ቀጭን ከሆነ ግን አንዱ ቁጭ ይላል፣ ሌላው ጫፎቹ አየር ላይ ይንጠለጠላሉ።

ስለዚህ ከቤት ከመውጣታችሁ በፊት የአንጓችሁን የላይኛውን ጠፍጣፋ ክፍል በማስመሪያ ለኩት። ዙሪያውን አይደለም፣ ጠፍጣፋውን። የሰዓቱ ርዝመት ከዚያ ከበለጠ ምንም ያህል ቢያምር ተዉት። ሱቅ ውስጥ ደግሞ ወደ ታች ጎንበስ ብላችሁ እጃችሁን አትዩ፣ ከቅርብ ሁሉም ትልቅ ይመስላል። ቁመት የሚያሳይ መስታወት ፊት ቁሙ፤ ሌላ ሰው የሚያያችሁ እንደዚያ ነው።

ቀጥሎ ውፍረቱ። የጠላቂ ሰዓት ግፊት ስለሚችል ወፍራም ነው። ሰብማሪነሩ 12 ሚሊሜትር አልፎ ይቆማል፣ ሲማስተር ዳይቨሩ ደግሞ ከዚያም ይብሳል። ረጅም እጅጌ ሸሚዝ ለብሳችሁ ሂዱ። የእጅጌውን ቁልፍ ቆልፋችሁ እጃችሁን ዘርጉ፣ ከዚያ እጠፉ። እጅጌው ሰዓቱ ላይ ተሰቅሎ ከቀረ በየቀኑ ቢሮ ውስጥ ይሄው ነው የሚገጥማችሁ። ቲሸርት ለብሶ ሞክሮ የገዛ ሰው ይህን የሚያውቀው ገንዘቡን ከከፈለ በኋላ ነው።

ሦስተኛው ማንም የማያወራለት መቆለፊያው ነው፣ እኔ ግን ከሁሉም በላይ እሱን ነው የማየው። አንጓ በሙቀት ያብጣል። ጠዋት ልክ የነበረ ሰዓት ከሰዓት በኋላ ያንቃል፤ ዱባይ ወይም አዋሽ የሚውል ሰው ያውቀዋል። የሰብማሪነሩ መቆለፊያ ያለምንም መሣሪያ በ2 ሚሊሜትር እየተንሸራተተ እስከ 20 ሚሊሜትር ይሰፋል። የተሰራው ጠላቂው ከወፍራም ልብሱ በላይ እንዲያስረው ነው፣ ዛሬ ግን ጥቅሙ ለሙቀት ነው። ኤክስፕሎረሩ የምትዘረጋ አንዲት ማያያዣ ብቻ ነው ያለችው፣ 5 ሚሊሜትር ትጨምራለች። ወይ ጠበቅ ወይ ላላ፣ መሐል የለም። ለእኔ ሰብማሪነሩ በእርግጠኝነት የሚያሸንፈው እዚህ ላይ ነው፣ ባህሩ ላይ አይደለም።

የምትሞክሩትም ከሰዓት በኋላ ይሁን፣ ትንሽ በእግር ከተንቀሳቀሳችሁ በኋላ። ቢያንስ ሩብ ሰዓት እጃችሁ ላይ ይቆይ። ሻጩ ከቸኮለ ሌላ ሱቅ አለ።

አንዱ በጣም ትልቅ ሌላው በጣም ትንሽ ከሆነባችሁ ቱዶር ከሚባለው ኩባንያ ብላክ ቤይ 58ን አስሩት። 39 ሚሊሜትር ነው፣ 200 ሜትር ይችላል፣ ውፍረቱ ከ12 ሚሊሜትር ትንሽ ያንሳል፣ እሱም 70 ሰዓት ያህል ይሄዳል። በዚህ ዋጋ የተሻለ መሐለኛ መንገድ አላየሁም።

5. ቀኑና የእኛ ሰዓት

ብዙዎቻችን፣ በተለይ ታላላቆቻችን፣ ሰዓት የምናስተካክለው በእኛ አቆጣጠር ነው። ቀን የሚያሳይ ሰዓት ከሆነ ቀኑ የሚቀየረው ቆጣሪዎቹ 12 ላይ ሲደርሱ ስለሆነ፣ ወይ ጠዋት 12 ሰዓት ወይ ማታ 12 ሰዓት ይቀየራል። ጠዋት ከሆነ ግሩም ነው። ማታ ከሆነባችሁ ቆጣሪውን 12 ሰዓት ወደፊት አዙሩት። ቀኑንም በእኛ ካደረጋችሁ ሰዓቱ እስከ 31 ስለሚቆጥር በየወሩ መጨረሻና ጳጉሜን ላይ ማረም አለባችሁ። ቆየት ያሉ ማሽኖች ላይ ደግሞ ቆጣሪው ከ9 እስከ 3 ባለው አካባቢ ሆኖ ቀን መቀየር ጥርሱን ሊሰብር ይችላል፤ አስቀድማችሁ ቆጣሪውን ወደ 6 አውርዱት። ይህን ሁሉ ካልፈለጋችሁ ሰብማሪነርም ኤክስፕሎረርም ቀን የሌላቸው አሉ።

ውጭ አገር ለምትኖሩ ሦስተኛ አማራጭ አለ፤ ባለ 24 ሰዓት ቀለበት ያለው እንደ ሮሌክስ ጂኤምቲ ማስተር 2 ወይም ቱዶር ብላክ ቤይ ጂኤምቲ። አራተኛዋን ቆጣሪ በአዲስ አበባ የፈረንጅ ሰዓት አስተካክሏት። ከዚያ ቀለበቱን ወደ ቀኝ ሩብ ዙር አዙሩትና 24 የሚለው 3 ቁጥር ጋ ይምጣ። አሁን ቆጣሪዋ የምታሳያችሁ የአገር ቤትን ሰዓት በእኛ አቆጣጠር ነው። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ 1 ትላለች፣ ከ12 ካለፈች 12 ቀንሱ፣ ማታ ነው። ዋሽንግተን ያላችሁ በብርዱ ወራት 8፣ በሙቀቱ ወራት 7 ሰዓት ልዩነቱን እያሰባችሁ እናታችሁን ከእንቅልፍ አትቀሰቅሱም።

6. ከመክፈላችሁ በፊት

አዲስ ከሆነ የዋስትና ካርዱ ላይ ያለው ቁጥር ሰዓቱ ላይ ካለው ጋር አንድ መሆኑን አረጋግጡ። ያገለገለ ከሆነ የማታውቁት ሻጭ ጋ ሰዓት ሰሪ ሳትይዙ አትሂዱ፤ ሰብማሪነር በዓለም ላይ በብዛት አስመስለው ከሚሰሯቸው ሰዓቶች አንዱ ነው። ጀርባው ይከፈት፣ ማሽኑ ይታይ፣ የውሃ ግፊት ፍተሻ ይደረግለት። የማሰሪያ መያዣዎቹ ጠርዝ ከተሟለጨ ብዙ ጊዜ ተሞርዷል ማለት ነው፣ ዋጋ አስቀንሱ።

የሰርቪስ ዋጋም እዚያው ጠይቁ። በጎን ጊዜ ለመቁጠር የሚጫኑ ሁለት ቁልፍ ያላቸው እንደ ሮሌክስ ዴይቶናና ኦሜጋ ስፒድማስተር ያሉት ሰዓቶች ማሽናቸው ውስብስብ ስለሆነ ከሰብማሪነርና ከኤክስፕሎረር ይልቅ ያስከፍላሉ። ማሰሪያው ሲያጥር የሚወጡትን ማያያዣዎች ደግሞ ቆጥራችሁ ተቀበሉ፤ ስትወፍሩም ስትሸጡም ያስፈልጓችኋል።