አሮጌ ወይስ አዲስ? ሸክላ የምናዳምጥበት ባለ ቱዩብ አምፕሊፋየር ችግርና መፍትሔ

ባለ ቱዩብ አምፕሊፋየር (ድምፅን አየር በወጣላቸው የመስታወት ቱቦዎች የሚያጎላ መሣሪያ) ገዝቶ የሸክላው ድምፅ ያላረካው ሰው ጥፋቱን የሚጥለው በዕድሜው ላይ ነው፤ አሮጌ የገዛው «አርጅቶብኛል» ሲል፣ አዲስ የገዛው ደግሞ «የድሮው ይሻል ነበር» ይላል። ምልክቱን ከምንጩ ለይቶ ያየ ግን ምን መግዛት እንዳለበት ለመወሰን አይቸገርም።

ድምፁ ደካማና ባስ የሌለው ሲሆን

ይህ ቅሬታ በብዛት የሚመጣው አዲስ ከገዙት ነው። በተለመደው የሸክላ ማጫወቻ ካርትሪጅ (መርፌውን በያዘው ክፍል) የሚመነጨው ከ3 እስከ 5 ሚሊቮልት ብቻ ሲሆን፣ ለሲዲ ወይም ለስልክ የተሠራው መግቢያ የሚጠብቀው በመቶዎች የሚቆጠር ሚሊቮልት ነው። ከዚህም በላይ ሸክላ ሲቀረጽ ባሱ ተቀንሶ፣ ቀጭኑ ድምፅ ተጨምሮ ስለሆነ መልሶ የሚያስተካክለው ፎኖ ፕሪአምፕ ያስፈልገዋል። ይህ ክፍል በአብዛኞቹ የ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አምፕሊፋየሮች ውስጥ አብሮ የተሠራ ሲሆን በብዙዎቹ አዲሶች ግን የለም፤ ስለዚህ መፍትሔው ለብቻው መግዛት ነው። ማጫወቻው የራሱ ፎኖ ካለው ሁለቱን ማደራረብ ድምፁን ያበላሸዋል።

እምምም የሚል ጉርምርምታ ሲኖር

ሸክላው ሳይዞር ድምፁን እስከ ዜሮ ይቀንሱት። ጉርምርምታው አብሮ ከጠፋ ምንጩ ከማጫወቻው በኩል ስለሆነ ቀጭኗ የግራውንድ ሽቦ በሚገባ መታሰሯን ይመልከቱ። ካልጠፋ ግን፣ በተለይ በአሮጌ ዕቃ ላይ፣ ከ50 ዓመት በላይ ያገለገሉት የኃይል ክፍሉ ካፓሲተሮች (ኤሌክትሪክ አጠራቃሚዎች) ደርቀው ሊሆን ስለሚችል ተፈትሸው መቀየር አለባቸው። ሻጩ «የቱዩብ ጠባይ ነው» ቢልዎት አይቀበሉት።

ቱዩቡ ሲቀላ

ክፍሉን አጨልመው በጥሞና ይመልከቱ። በቱዩቡ መሐል የሚታየው ብርቱካናማ ፍም ጤናማ ነው፤ በዙሪያው ያለው ግራጫ ብረት ራሱ ከቀላ ግን ወዲያውኑ ያጥፉት። በአሮጌው ላይ ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ወደ ኃይል ቱዩቡ የሚያሻግረው ካፓሲተር ማፍሰሱ ነው፤ በአዲሱ ላይ ደግሞ ባያሱ (ቱዩቡ ያለ ድምፅ የሚያሳልፈውን ጅረት የሚወስነው ቅንብር) በትክክል አለመስተካከሉ ሊሆን ይችላል። ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላም ውስጡ 400 ቮልትና ከዚያ በላይ ሊቆይ ስለሚችል ጥገናውን ለባለሙያ ይተዉት። አምፕሊፋየሩንም ስፒከር ሳይገናኝ አያብሩት።

በአንድ በኩል ሲንጫጫ

በመጀመሪያ ሌላ ሸክላ ይሞክሩ። እ.ኤ.አ. በ1969 ሥራ የጀመረው የሙዚቃ አሳታሚ አምሃ ሪከርድስ እንዳሳተማቸው ያሉ ባለ 45 ዙር ሸክላዎች በየቤቱ ብዙ የተጫወቱ ስለሆኑ ጩኸቱ ከራሳቸው ሊመጣ ይችላል። ካልሆነ አምፕሊፋየሩን አጥፍተው፣ አቀዝቅዘው የግራና የቀኝ ትናንሾቹን ቱዩቦች ይለዋውጡ፤ ጩኸቱ ቦታ ከቀየረ ጥፋተኛው ቱዩቡ ነው። ኢሲሲ83 (ትንሹ) እና ኢኤል34 (የኃይሉ) የሚባሉት የተለመዱ ቱዩቦች ዛሬም ስለሚመረቱ ይህ አሮጌውን ላለመግዛት ምክንያት አይሆንም።

ትራንስፎርመሩ እጅ ሲያቃጥል

እኔን ያስተማረኝ ይህኛው ነው። አሜሪካ የሚኖር ዘመድ የላከልኝን አምፕሊፋየር በኮንቨርተር አብርቼ ሁለት ሰዓት ያህል ካዳመጥኩ በኋላ የቀለጠ ሰም ሽታ ቤቱን ሞላው። ዕቃው የተሠራው ለ117 ቮልትና ለ60 ኸርዝ ነበር፤ ኮንቨርተር ደግሞ ቮልቱን እንጂ 50 የሆነውን ኸርዛችንን አይቀይርም። በዚህ የተነሣ በተመሳሳይ ቮልት የብረት እምብርቱ የሚሸከመው መግነጢሳዊ ፍሰት በ20 በመቶ ይጨምራል፣ ትራንስፎርመሩም ይግላል። ኮንቨርተሩ ከ110 ቮልት በላይ እንዳይሰጥ በመለኪያ ማረጋገጥ ጥቂት ያስታግሰዋል፤ ዘላቂው መፍትሔ ግን ለ50 ኸርዝ የተሠራ ትራንስፎርመር ማስገባት ሲሆን ወጪው ቀላል አይደለም። ስለዚህ አሮጌ ከፈለጉ ለ220 ወይም ለ240 ቮልት የተሠራ፣ ካፓሲተሮቹ የተቀየሩለት የእንግሊዝ ወይም የጀርመን ዕቃ ይምረጡ፤ በአቅራቢያዎ ቱዩብ የሚጠግን ባለሙያ ከሌለ አዲሱን ከፎኖ ፕሪአምፕ ጋር ይግዙ። ከመክፈልዎ በፊት ሻጩ ፊት አንድ ሰዓት ያጫውቱትና እጅዎን ትራንስፎርመሩ ላይ ያሳርፉ።